ጀኔራሉ የገደለው ሰው

ሜጀር ጀኔራል ዴቪድ ጀምስ አባቴን በገዛ እጁ እንደገደለው የነገረኝ ማንጎ እየበላ ነበር። ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ጋምቤላ፣ ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር ባለው ግቢው ውስጥ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጠናል፤ እሱ በፕላስቲክ ወንበር፣ እኔ በተገለበጠ ባልዲ ላይ። ላፕቶፑ ጉልበቴ ላይ ነው። እሱ ታሪክ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። የማንጎውን ፍሬ መጦ ሲጨርስ ወደ አጥሩ ወረወረና ጣቶቹን እየላሰ «ጻፍ» አለኝ።

ምን እንዳስጻፈኝ ከመናገሬ በፊት ሰውየውን ላስተዋውቅ።

አማርኛ ለትልቅ ሰው «እሳቸው» የሚል አክብሮት አለው። በእኛ በኑዌርኛ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «አንተ» ነው የምንለው። ስለዚህ ጀኔራሉን «እሱ» እያልኩ ስጽፍ ማንም ባለጌ እንዳይለኝ። አሠሪዬ ሰዓድ «እርስዎ» ይለዋል። ሰዓድ ግን ነጋዴ ነው፤ ደንበኛ ከሆነ ፍየልንም «እርስዎ» ይላል።

ሰዓድ በገበያው መንገድ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለው። አባቱ ከጅማ መጥተው እዚህ ሱቅ የከፈቱት እሱ ሳይወለድ ነው። እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ካቆምኩ ጀምሮ የምሠራው እሱ ጋ ነው። ብዙ አልተማርኩም፤ ፊደል ግን አልስትም። ሰዓድ ለደንበኛ ሁሉ «ይህ ልጅ ሠራዊትን በእሳቱ ሰ አይጽፍም፣ ወላሂ!» እያለ ይፎክርብኛል። አፌ ግን አይታዘዘኝም። ሰው ሲበዛ ቃል አይወጣኝም። ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቀኝ እንኳ በጣቴ ወረቀቱ ላይ አሳያለሁ።

ጀኔራሉ የዛሬ ዓመት ወደ ሱቃችን መጣ። ቆሞ ዙሪያውን ገረመመ፤ የሚሸልመው ሰው የሚፈልግ ይመስላል።

«መጽሐፍ ጽፌያለሁ» አለ።

«ማሻ አላህ! ያምጡት እንተይበው» አለ ሰዓድ እጁን ዘርግቶ።

ጀኔራሉ ግንባሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «እዚህ ነው ያለው።»

«እዚያማ ከሆነ ጌታዬ፣ ልጁን ይውሰዱትና ይቀዳልዎታል።»

ለምን በአማርኛ እንዲሆን እንደፈለገ ሰዓድ ጠየቀው። «በኑዌርኛ ከሆነ የሚገዛው ቤተ ክርስቲያን ነው» አለ ጀኔራሉ። «ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አንዱን ገዝታ ለሁሉም ታነባለች። በአማርኛ ከሆነ ቢሮዎች ይገዙታል። ቢሮ አያነብም፤ ግን ይገዛል።»

በዚያ ዓመት ከአፉ የወጣ እውነት ይህ ብቻ ነው።

ካርዱ ላይ «የጦር መሪና የታሪክ ሊቅ» ይላል። የታሪክ ሊቅነቱን ያገኘው በስልክ ከሚያስተምር አንድ ኮሌጅ ነው፤ ምስክር ወረቀቱ ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት ተሰቅሏል፤ ስሙ ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል። ጦር መሪነቱን ያገኘው ደግሞ ከድንበሩ ማዶ ነው። በማዶው ጦርነት ጊዜ ዐሥር አለቃ ነበር፤ ሥራውም ከድንበሩ ወዲህ፣ ኢታንግ በነበረ መጋዘን ማሽላ በጣሳ እየሰፈሩ ለተዋጊዎች ቤተሰብ ማደል ነው። ያ ጦር ለሁለት ሲከፈል ወደ አንደኛው ሄዶ ሻምበል ሆነ። ሲታረቁ ሻለቃ ሆኖ ተመለሰ። እንደገና ሲጣሉ ኮሎኔል፣ እንደገና ሲታረቁ ብርጋዴር ጀኔራል። የመጨረሻዋን ኮከብ የሰጡት ጡረታ እንዲወጣላቸው ብለው ነው። ጦርነት አንድ ማዕረግ አልሰጠውም፤ ሁሉንም የሰጠው ጠብና ዕርቅ ነው። ይህን ሁሉ ግን እሱ አልነገረኝም። እሱ የነገረኝ ሌላ ነው፤ በእሱ አነጋገር ከሄድን በባሮ ወንዝ የፈሰሰው ውሃ ሳይሆን እሱ ያፈሰሰው ደም ነው።

ለምሳሌ ስለ ግንባሩ ያስጻፈኝን ልንገራችሁ። ድሮ የኑዌር ልጅ ሲጎረምስ ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ ስድስት መስመር በቢላ ይቀደድለታል። ማልቀስ አይቻልም፤ ዓይን እንኳ አይርገበገብም። ጀኔራሉ በዚያ ዕድሜው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ስለነበር ግንባሩ እንደ ብርጭቆ ለስላሳ ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ የእኔም ግንባር ለስላሳ ነው፤ ጊዜው አልፏል። እኔ ግን ስድስት መስመር ተቀድጄ ሣቅሁ ብዬ አልጻፍኩም። እሱ ሁለት ገጽ ሙሉ አስጻፈኝ። ስጨርስ ቀና ብዬ ግንባሩን አየሁት፤ ሳላስበው ነው ያየሁት።

«በቅባት ጠፋ ብለህ ጨምርበት» አለኝ።

መስመሩን የተቀደደ ልጅ ሌላም ነገር ያገኛል። አባቱ አንድ በሬ ይሰጠዋል፤ ከበሬውም መልክ ሁለተኛ ስም ይወጣለታል። ከዚያ ወዲያ ጓደኞቹም፣ ልጃገረዶችም፣ ዘፋኞችም የሚጠሩት በበሬው ስም ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ለእናቱና ለወረቀት ይቀራል። የአባቴ የወረቀት ስም ዊዩዋል ነው። በሬው ቀይ ስለነበር የበሬ ስሙ ሉዋል ሆነ። ጋምቤላ ውስጥ ዊዩዋል የሚባል ሰው ብትጠይቁ ብዙ አለ፤ «የመሻገሪያው ሉዋል» ብትሉ ግን አንድ ነው። ሴቶቹ ሠርግ ላይ ይዘፍኑታል። ዋትሉዋክ በሚባል የወንዝ መሻገሪያ ላይ ሴቶችና ልጆች እስኪሻገሩ ድረስ ከአራት ሰዎች ጋር ሆኖ ጠላትን በተኩስ ይዞ የቀረው፣ ሁሉም ካለፉ በኋላ ውሃው መካከል የተመታው እሱ ነው። ከተሻገሩት ሴቶች አንዷ እናቴ ኛዱዎፕ ናት። እኔ ሆዷ ውስጥ ነበርኩ።

ጀኔራሉ መሻገሪያውን የሚያውቀው ከዘፈኑ ነው። በመጽሐፉ ገጽ 98 ላይ እንዲህ አስጻፈኝ፦ «ጀግናው ሉዋል በክንዴ ላይ ሞተ። የመጨረሻ ቃሉም ‹ጀኔራል ሆይ፣ ሕዝቡን አደራ› የሚል ነበር።»

ያን ጊዜ ዐሥር አለቃ የነበረውን ሰው አባቴ እንዴት ጀኔራል እንዳለው አልጠየቅሁም። ሉዋል አባቴ ነው ብዬም አልነገርኩትም። ለአባቴ ደግ ውሸት ነው፤ ማንም ቢያቅፈው ምን ይጎዳል ብዬ ዝም አልኩ። ለዚህ እኔም አልመሰገንም።

እንግዲህ ያቺ ሰኞ ረፋድ መጣች። ጀኔራሉ ከጦርነቱ የተረፈው አንድ ወረቀት አለ፤ ሰማያዊ ሽፋን ያለው የማሽላ ማደያ መዝገብ። «የታሪክ ምንጭ» ይለዋል። ማንጎውን ከጨረሰ በኋላ መዝገቡን ጭኑ ላይ ዘረጋ።

«ትልልቅ የጦር መሪዎች ሁሉ አንድ ፈሪ ገድለዋል» አለኝ። «አንብቤያለሁ። ያለዚያ አንባቢ አይፈራህም። ለእኛም አንድ ፈሪ ያስፈልገናል።»

ጣቱን በስሞቹ ላይ እየጎተተ ወረደ። የማንጎው ጭማቂ ገጹን አጣበቀው። ከዚያ ቆመ።

«ይኸው። ዊዩዋል። ከመሻገሪያው ውጊያ በኋላ ማሽላውን አልወሰደም፤ የኤክስ ምልክት አለበት። ከድቷል ማለት ነው። ጻፍ! ‹ከግንባር የከዳውን ዊዩዋል የተባለ ወታደር አስይዤ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ በራሴ ሽጉጥ፣ በራሴ እጅ ገደልኩት።›»

ጎንበስ ብዬ መዝገቡን አየሁ፤ ከዊዩዋል ጎን የሚስቱ ስም አለ፤ ኛዱዎፕ ይላል።

«ማንንም ሳልጠይቅ የሚለውን ጽፈሃል?»

«ጀኔራል» አልኩ። የእኔ ድምፅ አልመሰለኝም። «ይህ ዊዩዋል የኛዱዎፕ ባል ነው። የዓሣ ነጋዴዋ የኛዱዎፕ። አባቴ ነው።»

ያን ጊዜ «ተሳስቼ ይሆናል» ቢለኝ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። መዝገብ ውስጥ ሌላ ስም ሞልቷል። እሱ ግን ተነሥቶ በማንጎ የራሰ እጁን ትከሻዬ ላይ ጫነ።

«ታሪክ አይለመንም፣ ልጄ።»

«አንተ ራስህ ነህ የገደልከው?»

«ዓይኑን እያየሁ ነው የተኮስኩት። ከመሞቱ በፊት ውሃ ጠየቀኝ፤ ከኮዳዬ ሰጠሁት። ጨካኝ ሰው አይደለሁም።» ትንሽ አሰበ። «ውሃ መስጠቴንም ጻፈው። ጥሩ ነው።»

ጻፍኩት።

ሚስቱ ሁለት ብርጭቆ ሻይ አምጥታ በመካከላችን አስቀመጠች። በእኛ ሕግ ገዳይና የሟች ወገን የደሙ ከብት እስኪከፈል ድረስ አብረው አይበሉም፣ አብረው አይጠጡም። የደፈረ ይሞታል ይባላል። ፓስተሩም ቢሆን ይህን ሕግ ተቃውሞ ሲሰብክ አልሰማሁም። ሻዩን ሳልነካ ተውኩት። ጀኔራሉ ግን የራሱን ፉት አለና «ጠጣ እንጂ፣ ቀዘቀዘብህ» አለኝ። ኑዌር ሆኖ፣ ለሟች ልጅ «አባትህን ገደልኩት» ብሎ ወዲያው ሻይ የሚጋብዝ ሰው ወይ እብድ ነው ወይ አልገደለም። እብድ አልነበረም።

ሱቅ ተመልሼ ለሰዓድ ገጹን አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«አጥፋው» አለኝ። «አንዲት ቁልፍ ናት። እሱ እንደሆነ አያነበውም። ባለፈው ሚስቴ ሪድዋና የላከችኝ የገበያ ዝርዝር ተሳስቶ ገጽ 40 ላይ ገብቶ አልነበር? ሽንኩርት ሁለት ኪሎ፣ ዘይት... ‹ግሩም ምዕራፍ› ብሎ ፈረመበት!»

«ባጠፋውም በአፉ እንዲህ ማለቱ አይቀርም» አልኩት።

«እንግዲያስ እናትህን ጠይቅ። የእሷ ባል ነው።»

እናቴ ገበያው ዳር፣ የደረቀ ዓሣዋን በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና ገጹን ወደ ኑዌርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ዝንቡን እያባረረች ሰማችኝ። «ድገመው» አለች። ደገምኩት።

«በራሴ እጅ ነው ያለው?»

«አዎ።»

«ማንንም ሳልጠይቅ?»

«አዎ። ደግሞ መጻፌን አረጋገጠ።»

ዝንብ ማባረሪያዋን አስቀመጠች። «ከተሻገርን በአምስተኛው ቀን ኢታንግ ደረስን» አለች። «ማሽላ ልቀበል ተሰለፍኩ፤ የሚሰፍረው ይኸው ጀኔራልህ ነበር። ‹ባልሽ ራሱ ካልመጣ የእሱን ድርሻ አልሰጥም› አለኝ። ባሌ ውሃ ውስጥ ቀርቷል አልኩት። ‹ካልመጣ አልመጣም ነው› አለና በስሙ ላይ መስቀለኛ አደረገበት። ፊቴ ላይ ነው ያደረገው። በውጊያው ቀንም እዚያው ጆንያው ላይ ተኝቶ ነበር፤ ያደሩት ሴቶች ነግረውኛል።»

እኔ ያንን ምልክት ጠዋት አይቼዋለሁ። የማንጎ ጭማቂ ነክቶታል።

«ላጥፋው?» አልኳት።

«አንድ ፊደል እንዳትነካ!» አለች። «አስተካክለህ ጻፈው። በኋላ እንዳይክደው አድርገህ ጻፈው።» ከዓሣዎቹ ትልቁን በጋዜጣ ጠቅልላ ተነሣች። «ወደ ጆክ ቤት እሄዳለሁ።»

ጆክ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ግንባሩ ላይ ስድስቱም መስመሮች አሉ፤ ብዙ አይናገርም። ምን እንዳወሩ አልነገሩኝም። እኔ ግን የግድያውን ገጽ፣ ገጽ 112ን፣ እንዳለ ተውኩት። አንድ ነጠላ ሰረዝ ጎድሎ ነበር፤ እሱን ጨመርኩ።

መጽሐፉ አዲስ አበባ ታትሞ ሦስት መቶ ቅጂ መጣ። ሽፋኑ ላይ ጀኔራሉ በመነጽር ወደ ሩቅ ይመለከታል፤ ፎቶውን ያነሣው ሰዓድ ነው፤ የሚመለከተውም የሱቃችንን ጣሪያ ነው። ለምረቃው ከአዲስ አበባ አንድ ፕሮፌሰር መጥቶ ንግግር ያደርጋል ተባለ። ጀኔራሉ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ በሁለት ባጃጅ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድን። አውሮፕላኑ አረፈ፣ ሰው ወረደ፣ ፕሮፌሰሩ የለም። ከመንገደኞቹ አንዱ፣ ሁለት እጁ በሻንጣ የተያዘ፣ የደንብ ልብሱን አይቶ ዘበኛ መሰለውና «አባት፣ ይቺን በር ክፈቱልኝ» አለው። ጀኔራሉ ከፈተለት። በሕይወቱ ትእዛዝ ሲፈጽም ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ምረቃው ቅዳሜ ነበር፤ መጋቢት ውስጥ፣ በሙቀቱ ግድግዳ እንኳ በሚያልበው ጊዜ። አዳራሹ ሞላ። የቢሮ ኃላፊዎች ከፊት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ከመካከል፣ እናቴና የገበያ ሴቶች ከኋላ። የጀኔራሉ ደረት በሜዳሊያ ተሸፍኗል። ሰዓድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ሦስተኛዋን አየሃት? የቀበሌ ኳስ ውድድር ናት። ጽሑፏን ያስቀረጽኩት እኔ ነኝ።»

ጀኔራሉ አንድ ሰዓት ተናገረ። እሱ የመራቸውን ጦርነቶች ሲዘረዝር አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ እንዲወጣ ተደረገ። ከዚያ ምግብ መጣ፤ ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ለስላሳ። ጀኔራሉ እጁን ዘረጋ። «ብሉ! ዛሬ የታሪክ ቀን ነው።»

ሰሃኖች ሲንኳኩ አጎቴ ጆክ ከመካከል ተነሣ። ሰሃኑን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ነበር።

«ይህን ምግብ መብላት እችል እንደሆነ ልጠይቅ ነው የተነሣሁት» አለ በኑዌርኛ።

«ምን ማለትህ ነው፣ ሽማግሌ?» አለ ጀኔራሉ ፈገግ ብሎ። «ብላ እንጂ!»

«መጽሐፍህ እንዳልበላ ይነግረኛል። እኔ አማርኛ አላነብም። የወንድሜ ልጅ ያንብበው። ሙዎች፣ ተነሣ።»

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ተነሣሁ። መጽሐፉን ገለጥኩና ፊደሎቹን አየሁ። እነሱን አውቃቸዋለሁ፤ ሁሉንም እኔ ነኝ በየቦታቸው ያስቀመጥኳቸው። ዓይኔን ከእነሱ ላይ ሳላነሣ ገጽ 112ን አነበብኩ፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኑዌርኛ። «በራሴ እጅ» ላይ ስደርስ ከኋላ አንዲት ሴት «እእ!» አለች። የውሃውን ነገርም አነበብኩ።

«ዊዩዋል ወንድሜ ነው» አለ ጆክ። «የገደለው ሰው እስከ ዛሬ አይታወቅም ነበር። አሁን ታወቀ፤ ራሱ አሳትሞታል። ስለዚህ እኛ አርባ ከብት እንጠብቃለን። እስኪከፈል ድረስ ከዚህ ሰው ጋር አንበላም። ከእሱ ጋር የበላም ከእኛ ጋር አይበላም።»

ሰሃኖቹ አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ወረዱ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ኃላፊ አፉ ውስጥ የነበረውን ዓሣ በሶፍት አወጣው።

«ይህ የወታደር ሕግ ነው!» አለ ጀኔራሉ። «ወታደር በትእዛዝ ሲገድል ደም አይጠየቅም። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።»

«እናውቃለን» አለ ጆክ። «የማን ትእዛዝ ነበር?»

ጀኔራሉ ኮፍያውን አስተካከለ።

«ሙዎች፣ ‹ማንንም ሳልጠይቅ› ይላል አይደል?»

«ይላል» አልኩ።

«የማን ሽጉጥ ይላል?»

«በራሴ ሽጉጥ ይላል።»

«ሽጉጡ የራስህ ከሆነ ደሙም የራስህ ነው። አርባ ከብት።»

የጀኔራሉ ላብ ከኮፍያው ሥር ወረደ። ሰዉን አየ፤ ከእሱ ጋር አንድ ጉርሻ ሊበላ የሚደፍር አልነበረም። አብረውት ከኢታንግ የመጡት እንኳ እጃቸውን ከሰሃን አርቀዋል።

«መጽሐፍ ላይ የሚጻፍ ነገር...» አለ። «ማስተማሪያ ነው። አንባቢ እንዲማርበት ብዬ...»

«አልገደልከውም?»

«ያው... እኔ በእጄ አልገደልኩትም።»

«በማን እጅ?»

«በማንም። አልገደልኩትም አልኩህ እኮ!»

«መልካም። ሙዎች፣ ገጽ 98።»

ገጽ 98ን አነበብኩ። ጀግናው ሉዋል በክንዴ ላይ ሞተ። ጀኔራል ሆይ፣ ሕዝቡን አደራ።

ጆክ በትሩን መሬት ላይ ተከለ። «ሉዋል የወንድሜ የበሬ ስም ነው። ዊዩዋል ማለት ሉዋል ነው። ይህን የማያውቅ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ።»

እጅ ያወጣ የለም። ጀኔራሉም አላወጣም፤ ፊቱ ግን አጋለጠው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ዘፈኑን ሲሰማ፣ መዝገቡን ሲያገላብጥ፣ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን አያውቅም ነበር። ከተዋጊዎቹ ጋር አንዲት ሌሊት ያደረ ሰው ቢሆን ያውቀው ነበር። ከኋላ የገበያ ሴቶች መሣቅ ጀመሩ።

«አንድ ጊዜ አቅፈኸው ሞተ» አለ ጆክ። «አንድ ጊዜ ተኩሰህ ገደልከው። አቅፈኸው ከሆነ እናመሰግንሃለን። ተኩሰህ ከሆነ ከብቱን አምጣ። የትኛው ነው?»

«የትኛውም አይደለም» አለ ጀኔራሉ፤ ሊሰማ በማይችል ድምፅ።

እናቴ ከኋላ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች። «የት እንደነበርክ ንገራቸው» አለችው። «ወይስ እኔ ልንገራቸው?»

«ኢታንግ።»

«አልተሰማም!» አለች አንዲት ሴት።

«ኢታንግ ነበርኩ!»

«ምን ስታደርግ?» አለ ጆክ።

«ማሽላ ስሰፍር።»

ጆክ አንገቱን ነቀነቀ። ጎንበስ ብሎ ሰሃኑን ከወለሉ አነሣ። «እንግዲያስ ደም የለም» አለ። «ምግቡ ንጹሕ ነው። ብሉ።»

ሰዉ በላ። ጥሩ ዓሣ ነበር። ጀኔራሉ ብቻ አልበላም፤ ማንም የከለከለው አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ ከብቱን ተዉለትና አንድ ነገር ወሰኑበት። በሦስት መቶው ቅጂ ሁሉ፣ ገጽ 112 ላይ የማረሚያ ወረቀት እንዲለጠፍ፣ ወረቀቱም አዳራሹ ውስጥ በራሱ አፍ የተናገረውን እንዲል።

ማክሰኞ ወደ ሱቁ መጣ። የደንብ ልብሱን አልለበሰም፤ ያለ እሱ ቁመቱ ትንሽ ይቀንሳል። ሰዓድ ያው እንደ ልማዱ «እንኳን ደህና መጡ፣ ጌታዬ» አለውና ሻይ እንዲመጣ ከጎረቤት አዘዘ። ጀኔራሉ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጻፍ» አለኝ። «‹በውጊያው ዕለት ደራሲው በኢታንግ የስንቅና ትጥቅ ዘመቻ በመምራት ላይ ነበሩ።›»

«ማሽላ ስሰፍር ነው ያልከው» አልኩት።

«ትርጉሙ አንድ ነው።»

«አንድ አይደለም።»

ዞሮ አየኝ። ድምፄን የሰማው ያን ጊዜ ገና መሰለኝ። እኔም እንደዚያው።

ጻፍኩ፦ «በገጽ 112 ዊዩዋልን ገደልኩት ያልኩት ውሸት ነው። በገጽ 98 በክንዴ ላይ ሞተ ያልኩትም ውሸት ነው። ዊዩዋል ሉዋል ነው። ሴቶችና ልጆችን አሻግሮ ዋትሉዋክ ላይ ሞቷል። እኔ በዚያ ቀን ኢታንግ ማሽላ ስሰፍር ነበርኩ። ዴቪድ ጀምስ።»

«ጀኔራል የሚለው የት ሄደ?» አለኝ።

«ያን ጊዜ ዐሥር አለቃ ነበርክ። እሱን ልጻፈው?»

«ተወው» አለ።

አትሜ ሰጠሁት። ፈረመ። ሰዓድ ፎቶ ኮፒውን ሲያስነሣ ሻዩ መጣ፤ ሦስት ብርጭቆ። ጀኔራሉ አንዱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው፤ ልማድ ሆኖበት ነው እንጂ ምንም አላሰበም። ያን ሰኞ ያልነካሁትን ብርጭቆ አስታወስኩ። ገዳይ ቢሆን ኖሮ ይህንንም አልነካውም ነበር።

አነሣሁና እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣሁት።